እናቴ ጣውንቴ የምትለው ሽጉጥ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ወረታ ሠርግ ተጠርቼ ሄጄ፣ ፊደል ያስቆጠርኩት፣ ዛሬ ግን ትዳር ይዞ ሱቅ የከፈተ የጎረቤቴ ልጅ ከድንኳኑ ደጃፍ ላይ «እማማ፣ እንዴት ሰነበቱ?» ብሎ እቅፍ ሲያደርገኝ ጎኔን አንድ ጠንካራ ነገር ወጋኝ፤ ከኮቱም ሥር ያ የመሣሪያ ቅባት ሽታ ብቅ አለ። ምን እንደሆነ ለመጠየቅ አልደከምኩም። እሱ ራሱ ዓይኑን ሰበር አድርጎ «ምን ይደረግ እማማ፣ ጊዜው ነው፤ ራስን ለመጠበቅ ያህል ነው» አለኝ። አልፈረድኩበትም። የመንገዱን ነገር፣ በየቀኑ የሚወራውን ሁሉ እሰማለሁ፤ መስማቱም ደክሞኛል። ብቻ የቀረበልኝን ምግብ ሳልነካ፣ ራሴን አሞኛል ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ያን ሽታ የማውቀው ከአባባ ነው። ቤታችን ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ርብ ክረምት በመጣ ቁጥር ሞልቶ እየወጣ ከሚያጥለቀልቀው ጥቁር መሬት ዳር ነበር፤ ነሐሴ ላይ ከብቱን ወደ ተረተሩ ነድተን፣ በታንኳ የምንጠያየቅ፣ እንቁራሪት ሲንጫጫብን የምናድር፣ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ጭቃው እስከ ጉልበታችን እየዋጠን በእርጥቡ ላይ ጓያና ሽምብራ የምንዘራ ሰዎች ነበርን። ውኃ መቼም የሰው ወሰን አያከብርም። አንድ ክረምት ያመጣው ደለል የእኛንና የአያ ዓለምነህን መሬት የሚለየውን ድንጋይ ዋጠው። አያ ዓለምነህ ጎረቤት ብቻ አልነበረም፤ ሚስቱ ክርስትና ያነሳችኝ፣ የአባባ አበልጅ ነው፣ አበልጅ ደግሞ በእኛ ዘንድ ከወንድም አያንስም። ሁለቱም «ድንጋዩ እዚህ ነበር» እያሉ መሬቱን በእግራቸው ሲረግጡ አይቻለሁ፤ በሁለቱ እግር መካከል አንድ በሬ ቢተኛ አይበቃውም ነበር። በዚያች የንዴት ሰዓት አያ ዓለምነህ «እዚህ ሞፈር ካሳረፍክ ጠብቀኝ!» አለ። ሰው ሲናደድ የማይለው የለም። አባባ ግን ቃሏን ሆዱ ውስጥ ይዞ ገባ፣ ወይፈን ሸጠ፣ ሐሙሲት ገበያ ወጥቶ ሽጉጥ ታጥቆ ተመለሰ።

መሣሪያ ለቤታችን አዲስ ነገር አልነበረም። የአባባ ምንሽር ጠመንጃ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እያየነው ነው ያደግነው፤ ለቅሶ ሲሄድ ይሸከመዋል፣ ሰው ቤት ሲገባ ለባለቤቱ አስረክቦ ይቀመጣል። ረጅሙን መሣሪያ ሰው ሁሉ ከሩቅ ያየዋል፣ ያከብረዋልም። ሽጉጥ ግን ሌላ ነው። የሚሸጎጥ ነገር ነው፤ አፈሙዙ አጭር ስለሆነ ከሩቅ አይሆንም፣ ለበር ሥር፣ ለአልጋ ጥግ፣ ለገበያ ግርግር፣ ክንድህን ዘርግተህ ለምትነካው ሰው የተሠራ ነው። ክንድህን ዘርግተህ የምትነካው ሰው ማን ነው? ጎረቤትህ ነው፣ አበልጅህ ነው። ሰፈርተኛው ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ድሮ አባባን ደረት ለደረት ገጥመው የሚስሙት ሰዎች ራቅ ብለው እጅ እየነሡ ማለፍ ጀመሩ።

አባባም አባባ መሆኑ ቀረ። ማኅበር ሲጠራ ፊቱን ወደ በሩ ካላደረገ አይቀመጥም፤ ሲያስነጥሰው እንኳ እጁ አፉን ትቶ ወደ ወገቡ ይሄዳል፤ ርብን ሲሻገር የተሸከመው ዱቄት ቢርስ ግድ የለውም፣ ሽጉጡን ግን በሻሽ ጠቅልሎ አናቱ ላይ አስሮ፣ እንደ ሙሽራ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ነው የሚሻገር። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ምላሷ አያርፍም ነበር። «ጣውንቴን ደኅና አድርገህ ሸፍናት፣ ብርድ እንዳይመታት» ትለዋለች። ትራስ ሥር ሲያስገባው ደግሞ «ከመካከላችን ነው የምታስተኛት ወይስ ከዳር?» ትለውና ቤቱ በሳቅ ይሞላል፣ እሱም ይስቃል፣ ግን እየሳቀም ጆሮው ደጅ ደጁን ነበር። እየቆየ እናቴም መቀለዱን ተወችው፤ ሽጉጡ እንደ ቀበቶው ሁሉ አብሮት የሚነሳ፣ አብሮት የሚተኛ ነገር ሆነና ማናችንም ማየቱን ተውነው።

ከብዙ ጊዜ በኋላ የነፍስ አባታችንና ሽማግሌዎቹ ገቡበት፤ ድንጋዩም ሁለቱ ከሚሉት ቦታ መካከል እንዲተከል ተስማሙ፣ የቀረው እርቁ ብቻ ሆነ። እርቅ የሚወርደው ከቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር ነው። የተጣሉት ሰዎች መሣሪያቸውን ቤት ትተው ይመጣሉ፣ መስቀል ይዘው «ባዶ እጄን መጥቻለሁ፣ ቂሜንም ትቻለሁ» ብለው ይምላሉ፣ ከዚያ ይተቃቀፋሉ፤ በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ነገሩን የሚያነሳ ሰው የተረገመ ነው። አባባ ያን ዕለት ጠዋት ታጥቦ፣ ነጭ ጋቢውን ደርቦ፣ ምንሽሩን ከግድግዳው ሰቅሎ መታ መታ አድርጎ «ዛሬ ቤት ጠብቅ» ብሎት ወጣ። እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

እኛ ሴቶቹ ከአጥሩ ሥር ቆመን እናያለን። አባባ መስቀሉን ስሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማለ፤ አያ ዓለምነህም ማለ፣ ወዲያው እንባው ቀደመውና አባባን ጭምቅ አድርጎ አቀፈው። እልል ልንል አፋችንን ከፍተን ነበር። አያ ዓለምነህ ድንገት ክንዱ ላላ፣ ወደ ኋላ ሸሸት አለ፣ የአባባንም ጋቢ ገለጥ አድርጎ ወገቡን አየ። «አበልጄ» አለ፣ ጮሆም አይደለም፤ «በመስቀል ምለህ?» ሽማግሌዎቹ አቧራቸውን እያራገፉ ተነሱ፣ ቄሱም መስቀላቸውን ይዘው ወደ ቤተ ልሔሙ ገቡ።

ቤት ስንገባ አባባ ሽጉጡን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀምጦ አየው። «ወይኔ! ረሳሁት እኮ! ምንሽሩን ስሰቅል መሣሪያ የፈታሁ መሰለኝ እኮ!» ብሎ እንደ ልጅ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። እናቴ ሄደህ ንገራቸው ብላ ብትለምነው «በመስቀል የማለ ሰው ረሳሁ ቢል ማን ያምነዋል? ጭራሽ አላገጠ ነው የሚባል» አለ። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እውነት ነው። ከዚያ ወዲያ ወንፈል የሚገባልን ሰው ጠፋ፣ እሳት የሚያጫጭረን ጠፋ፣ ያ ሁሉ ጠብ የተነሳበት መሬት ጦም አደረ። ተሰደን ወረታ ገባን፤ አባባ የሩዝ ወፍጮ ቤት ዘበኛ ሆነ። አንዲት ጥይት ሳይተኩስበት እርጅና ሲጫነው ሽጉጡን ሸጠው፣ እሱም በሕመም አልጋው ላይ ሞተ። ሽጉጡ ከማን እንደጠበቀው እስካሁን አልገባኝም፤ አገሩን፣ አበልጁን፣ በሩን ከፍቶ የሚገባውን ዘመድ ሁሉ ግን አሳጥቶታል፣ እኔንም የክርስትና እናቴን።

አባባ ባረፈ በዓመቱ ይፋግ ገበያ ወጥቼ አንድ ዓይነ ደካማ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ትክ ብለው አዩኝ። አያ ዓለምነህ ናቸው። ተሳሳምን። «መሞቱን ሰምቻለሁ፣ ለቀብሩ ግን አልመጣሁም» አሉ፤ ቀጥለውም «ልጄ፣ አንቺ አትዋሺኝም። ያን ቀን ሊገድለኝ ነበር?» አሉኝ።

«ረስቶት ነው አያ» አልኳቸው። «ምንሽሩን ሲሰቅል የፈታ መስሎት፣ ረስቶት ነው። ቤት ገብቶ ሲያየው አለቀሰ።»

«ረስቶት?» አሉ። እዚያው እህል ከፈሰሰበት ጆንያ አጠገብ ተቀመጡና ጋቢያቸውን ከወገባቸው ላይ ገለጥ አደረጉልኝ፤ እጀታው በመዳፍ ብዛት ያለቀ አሮጌ ሽጉጥ ነበር።

«በማግሥቱ እኔም ገዛሁ» አሉ። «ይኸው እሱ አፈር ከገባ ዓመቱ፣ እኔ ግን ማውለቁ አቃተኝ።»