ላሞች የሚታለቡበት ገዳም

አሌክሳንድሪያ ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው አንዲት ፈረንሳዊት ነበሩ። ማዳም ነው የምላቸው። ከአልጋቸው ትይዩ የአንድ ረጅም የድንጋይ ቤት ፎቶ ተሰቅሏል፤ መስኮቶቹ ከላይ ሹል ናቸው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን «የየትኛው ቅዱስ ደብር ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የላሞች» አሉኝና ሳቁ።

እዚያ አገራቸው፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የሴቶች ገዳም ነበር አሉ። መነኮሳቱ ሲባረሩ ገበሬ ገዛው፤ ሲወርድ ሲዋረድ ለማዳም ቤተሰብ ደረሰ። መነኮሳቱ ማዕድ ይቀርቡበት የነበረው አዳራሽ በረት ሆነ። አሁን እዚያ የሚያልበው የወንድማቸው ልጅ ነው።

አንድ ቀን ከዚሁ ሰውዬ ወረቀት መጣ። የአዳራሹ የድንጋይ ጣሪያ ይፍረስ ይላል። ፈቃዱ ወጥቷል፤ ርስቱ የጋራ ስለሆነ የቀረው የማዳም ፊርማ ብቻ ነው። ማዳም አንዴ አነበቡት፣ ፈረሙ፣ አሸጉትና «ዛሬውኑ ላኪልኝ» አሉኝ።

አልላክሁትም።

እኔ ጴንጤ ነኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ የምናመልከው የቢሮ ሕንፃ ምድር ቤት ተከራይተን ነው። ግድግዳ ተሳልሜ አላውቅም፤ የሚሳለሙትንም ስሞግት ነው የኖርኩት። ያ ፖስታ እጄ ሲገባ ግን ወደ ፖስታ ቤት መንዳት አቃተኝ። ስንት ዘመን የተጸለየበት ቤት እንዲህ በአንድ ፊርማ? ከመኪናዬ ወንበር ስር ወሸቅሁት። ስምንት ቀን ሙሉ ከምኖርበት ከአስፐን ሂል እስከ አሌክሳንድሪያ በቀለበት አውራ ጎዳናው በቤልትዌይ ይዤው ተመላለስኩ። ማዳም «ደርሶ ይሆን?» ባሉ ቁጥር በፖስታ ቤቱ አሳብባለሁ። የምዋሸው ለእግዜር ቤት ስለሆነ ኃጢአትም አልመሰለኝም።

በዘጠነኛው ቀን የወንድማቸው ልጅ ደወለ። ማዳም ስልኩን ሲዘጉ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ትናንት ከጣሪያው ድንጋይ ወርዷል» አሉኝ። «ላሟን ለጥቂት ነው የሳታት።» ዓይናቸውን ወደ ፎቶው መለሱ። «እናቴ እዚያ ነው የሞተችው። እያለበች ሳለ የጣሪያው ድንጋይ ወረደባት።»

«ማዳም፣ ወረቀቱን አልላክሁትም» አልኩ። ምክንያቴንም ነገርኳቸው፤ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ቀለለብኝ። ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮሁም።

«የወንድሜ ልጅ በቀን ሁለቴ እዚያ ስር ይገባል» አሉ ብቻ።

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ሮጬ ወጥቼ፣ ከሁሉ በሚፈጥነው መንገድ ላክሁት።

ከወር በኋላ በስልኬ ፎቶ መጣ። ጣሪያው ተነስቶ በግድግዳዎቹ መካከል ሰማይ ይታያል። «ተመስገን፣ ሰውዬው ተረፈ» ልል ቀና ስል ማዳም ያለቅሳሉ፤ ድምፅ አውጥተው፣ ትከሻቸው እየተናጠ። ለዚያ ቤት የምሳሳው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ያን ቀን ቶሎ የፈረሙት እጃቸው እንዳይከዳቸው ኖሯል።

ወንበር ስቤ፣ ለቅሶ ቤት እንደምናደርገው አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በኋላ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኳቸው፣ በአማርኛ። ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቁኝም። እጄን ያዙ።