የማንም ያልሆኑት ሦስት ቀናት

ሉዶልፍ ክሬምፒን መሞቱን የሰማሁት በኅዳር ወር፣ ጓሮ በር ላይ ተቀምጬ ዝይ ስነጭ ነው። የሥጋ ሻጩ ሚስት ወይዘሮ ዚቨርት በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «ሰማሽ ቴክላ? የክፍለ ጦሩ ጸሐፊ ዛሬ ጠዋት አረፈ» አለችኝ።

«የትኛው ጸሐፊ?» አልኳት፤ የትኛው እንደሆነ እያወቅሁ። በሩመልስሃገን ከተማ ከእሱ ሌላ የክፍለ ጦር ጸሐፊ የነበረ ሰው የለም።

«ሳንባው ነው አሉ። አንቺማ ደስ ይልሽ ይሆናል።»

«በሰው ሞት ደስ አይለኝም» አልኩና መንጨቴን ቀጠልኩ።

እውነቱን ለመናገር ግን መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አልነበረም። የወንድሜ ደብዳቤዎች አሁን ማን እጅ ይገቡ ይሆን የሚል ሐሳብ ነበር።

ክሬምፒን የቤተ ክርስቲያናችን ኦርጋን ተጫዋች ልጅ ነው። እንደ ማንኛውም የጀርመን አገር፣ የፖመርን አውራጃ ጎረምሳ በሃያ ዓመቱ ለውትድርና ተጠራ። የእጅ ጽሕፈቱ ግን እንደ ታተመ ነገር ያማረ ነበርና በስድስተኛው ሳምንት ከሰልፍ ሜዳ አውጥተው ክፍለ ጦሩ ጽሕፈት ቤት አስቀመጡት። ከዚያ ወዲያ አልወጣም። «ክሬምፒን ጠላት ላይ የተኮሰው በእርሳስ ነው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም አብሮ ይስቃል።

ክፍለ ጦሩን የሚያውቀው ባለሙያ ሴት ጓዳዋን እንደምታውቀው ነው። ሁለት ብርጌድ፣ በየብርጌዱ ሁለት ሬጅመንት፣ በየሬጅመንቱ ሦስት ሻለቃ። ከዚያ መድፈኛው፣ ፈረሰኛው፣ መሐንዲሱ፣ ሐኪሙ፣ ዳቦ ጋጋሪው። አሥራ ሰባት ሺህ ሰውና አራት ሺህ ፈረስ። አንድ ቀን በገበያ ቆሞ ለእናቴ ሲነግራት ሰምቻለሁ፤ «ሁላችንም በአንድ መንገድ ስንጓዝ፣ ፊተኞቹ ደርሰው ሾርባቸውን ሲጠጡ ኋለኞቹ ገና ጫማቸውን እያሰሩ ነው» አላት። እናቴ፣ «ታዲያ ሾርባው ለኋለኞቹ ይተርፋል?» ብላ ጠየቀችው። «እሱን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ይተርፋል» አላት።

ወንድሜ ራይማር ቅርጫት ሠሪ ነበር። ታላቁ ጦርነት ሲጀመር ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከክፍለ ጦሩ አራት ሬጅመንቶች በአራተኛው ውስጥ ዘመተ። አሥራ አንድ ደብዳቤ ጻፈልን። የመጨረሻው የተጻፈው ጦርነቱ በገባ በስምንተኛው ወር፣ መጋቢት ሃያ አራት ቀን ነው። በግንቦት አንዲት ወረቀት መጣች፤ «የት እንደ ደረሰ አልታወቀም» ትላለች። ሞተ አትልም፣ ተማረከም አትልም። እናቴ ፎቶግራፉ ላይ ጥቁር ጥብጣብ ሳታስርበት አምስት ዓመት ጠብቃ ሞተች።

ጦርነቱ አልቆ ክፍለ ጦሩ ከተበተነ በኋላ የቀድሞ ወታደሮቹ ማኅበር አቋቋሙ። በዚያን ጊዜ መጽሐፉን ያላጻፈ ሬጅመንትም ክፍለ ጦርም አልነበረም፤ የኛዎቹም ለክሬምፒን ሰጡት። በሰም ጨርቅ ቦርሳ ከቤት ቤት እየዞረ ደብዳቤና ፎቶግራፍ ይሰበስብ ጀመር። እኔም ቤት መጣ።

«ወይዘሪት ቴክላ፣ ለሁለት ወር ያውሱኝ። አንዲት ቅጠል አትጎድልም፤ የወታደር ቃሌ ነው።»

«የጸሐፊ ቃል ይሁንልኝ፤ እሱን የበለጠ አምነዋለሁ» አልኩት።

ሳቀ። ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ እየቆጠረ ቀናቸውን ማስታወሻው ላይ ያሰፍር ነበር። የመጨረሻው ላይ ሲደርስ እርሳሱ ቆመ።

«ይሄ ሃያ አራት ነው ወይስ አሥራ አራት?»

«ሃያ አራት ነው። ‹ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ይቀይሩናል› ይላል፤ ያንብቡት።»

«አሁንም ምሽግ ውስጥ ሆኖ ነው የጻፈው?»

«ታዲያ የት ሆኖ ይጽፋል?»

ያቀረብኩለትን የገብስ ቡና ሳይጨርስ ተነሣ። ደኅና ዋሉ ሲለኝ ዓይኑ በሩ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ነው ይህ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ ብዬ ያሰብኩት።

ሁለቱ ወር ሁለት ዓመት ሆነ። ደብዳቤዎቹ አልተመለሱም፤ መጽሐፉ ግን ታተመ። ክፍለ ጦሩ በቤልጂግ በኩል እንዴት እንዳለፈ፣ በመኸር ፈረንሳይ አገር በነጭ አፈር ውስጥ ምሽግ ቆፍሮ እንዴት እንደ ተቀመጠ፣ በመጋቢት አራተኛው ሬጅመንት ተወስዶበት በሦስት እንደ ቀረ፣ ወደ ሩሲያ ሄዶ እንደ ተመለሰ፣ በቬርደንና በሶም ስንት ሰው እንዳለቀበት፣ በመጨረሻም ራይንን ተሻግሮ በእግሩ ወደ አገሩ እንደ ገባ፣ ሁሉም በሚያምር ቋንቋ ተጽፏል። ከኋላው የሙታን ዝርዝር በየከተማው አለ። በሩመልስሃገን ሥር አርባ አንድ ስም አነበብኩ። ራይማር የለም። በዓመቱ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድንጋይ ቆመ፤ ጠራቢው ከመጽሐፉ ገልብጦ አርባ አንድ ስም ቀረጸ።

በኛ ከተማ ስም መቅረት ትርጉም አለው። ማንም ፊት ለፊት አልነገረኝም። ዳቦ ልገዛ ስገባ ግን ወሬ ይቋረጣል። «ከጦር ሜዳ ሸሽተው ሆላንድ ድንበር ላይ የተገኙ ነበሩ አሉ» ስትል አንዷን ሰማኋት። «ገና ሳይርቁ የተረሸኑም ነበሩ» አለች ሌላዋ። ስታየኝ ስለ ድንች ማውራት ጀመረች።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ የሚሰበሰብበት ቢራ ቤት ገባሁ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሥጋ ሻጩ ዚቨርት ነው። እንዳየኝ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ወይዘሪት ቴክላ! እዚህ ቤት ሴት የምትገባው ባሏን ጎትታ ልትወስድ ነው። እርስዎ ማንን ሊወስዱ መጡ?» አለ። ሁሉም ሳቀ።

«ወንድሜን» አልኩት።



«አራተኛው ሬጅመንት የኛ አይደለም» አለ ዚቨርት፣ አሁን ዝግ ብሎ። «በመጋቢት ወጥቶ ለአዲስ ክፍለ ጦር ተሰጥቷል። ስሙን ከነሱ መጽሐፍ ይፈልጉት።»

«አስልኬ አነበብኩት። እዚያም የለም።»

«እንግዲህ ከሁለት መጽሐፍ የጠፋ ሰው...» አለና ትከሻውን ነቀነቀ።

ክሬምፒን ጥግ ተቀምጦ ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰውን የቢራ አረፋ በጣቱ ይገፋ ነበር።

«አቶ ክሬምፒን፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«ትንሽ ይጠብቁኝ።»

«ምን እስኪሆን?»

«መልስ እስኪመጣ።»

«ከማን ነው የሚመጣው?»

አረፋውን ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ገፋው። «ተዉት እንጂ፣ ለሴት የሚመልሰው ጠፋው» አለ አንዱ፤ ክሬምፒን ግን አልሳቀም። ደብዳቤዎቼን እንዲመልስልኝ ስጠይቀው፣ «እሱንም ይጠብቁኝ» አለ።

የምኖረው ከፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። የሰው አንሶላና ሸሚዝ እየጠገንኩ በመስኮት አጠገብ እውላለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክሬምፒንን መጠበቅ ያዝኩ። በየወሩ በመጀመሪያው ሰኞ ወፍራም ፖስታ ይዞ ይመጣል። ከመግባቱ በፊት ግራና ቀኝ ያያል፤ ሲወጣ ወደ እኔ መስኮት ሳይመለከት ይሄዳል። የፖስታ ቤቷ ሴት የማንንም አድራሻ አልናገርም ብላ ምላለች፤ ነገር ግን ቀሚሷን ሳሳጥርላት «ካሰል ነው የሚሄደው፤ እኔ አላልኩሽም» አለችኝ። ካሰል ውስጥ ማን አለው? አልተኛሁበትም። ራይማር እንደ ሸሸ ማስረጃ እየሰበሰበ ነው አልኩ። ወይም ማስረጃው እጁ ላይ አለና እያጠፋው ነው አልኩ።

ሌላም ነገር አሰብኩ። ሸሽቶ ከሆነ በሕይወት አለ ማለት ነው። ድንጋዩ አጠገብ በማልፍበት ጊዜ ስሙ ባይኖርበት ይሻላል ያልኩባቸው ቀናት ነበሩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

እንዲህ ሆኜ ሦስት ዓመት ሞላኝ፤ ከዚያ ነው የዝይዋ ቀን የመጣው።

ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆምኩ። ማኅበሩ ባንዲራ ይዞ ነበር፤ ዚቨርት ንግግር አደረገ። ሰው ሲበተን አብራው ትኖር የነበረችው እኅቱ ኦቲሊ ወደ እኔ መጣች።

«ቴክላ፣ ነገ ነይ። ላንቺ ያስቀመጠው አለ።»

«አሁን አብሬሽ ብመጣስ?»

«አሁን አይሆንም። ዚቨርት እያየን ነው።»

በማግስቱ ሄድኩ። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የእንጨት ሣጥን አስቀምጣለች። ከላይ አሥራ አንዱ የራይማር ደብዳቤዎች በክር ታስረዋል፤ ቆጠርኳቸው፣ አልጎደሉም። ከሥራቸው ከጽሕፈት ቤቱ ያመጣው አሮጌ መዝገብ አለ፤ ከዚያም በታች የደብዳቤ ክምርና የማስታወሻ ደብተሩ።

ነገሩ ሲነበብ እንዲህ ነው። መጋቢት ሃያ አራት ጠዋት አራተኛው ሬጅመንት ከክፍለ ጦሩ ወጥቷል የሚል ትእዛዝ መጣ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወረቀቱ ሁሉ ወደ አዲሱ ክፍለ ጦር ይሄዳል። አዲሱ ክፍለ ጦር ደግሞ ሬጅመንቱን የራሱ አድርጎ የሚቆጥረው ባቡር ከሚሳፈርበት ከሃያ ሰባት ጀምሮ ነው። ነገር ግን ቀያሪው ጦር ዘገየና ራይማር ያለበት ሻምበል ምሽጉን እንደ ያዘ ቀረ። ሃያ አምስት ቀን መድፍ አንዱን የመሬት ውስጥ መጠለያ ደረመሰው፤ አሥራ አንድ ሰው ከሥሩ ቀረ። የሻምበሉ አዛዥ የአሥራ አንዱን ስም ጽፎ እንደ ልማዱ ወደ ክፍለ ጦሩ ላከ። ክፍለ ጦሩ መለሰው። አዛዡ በማግስቱ ሞተ፤ ወረቀቱም የት እንደ ወደቀ አይታወቅም። አዲሱ ክፍለ ጦር የሚያውቀው አሥራ አንድ ሰው ባቡሩ ላይ አለመገኘታቸውን ብቻ ነው።

መዝገቡ ላይ የሃያ አምስት ቀኑ መስመር አለ። «የጉዳት ሪፖርት፣ አሥራ አንድ ሰው፣ አራተኛው ሬጅመንት። አይመለከተንም። ተመላሽ።» የተጻፈው በሰማያዊ እርሳስ ነው።

«ሰማያዊው የማን ነው?» አልኳት ኦቲሊን።

«ጽሕፈት ቤቱ ደንብ ነበረው። ጄኔራሉ በአረንጓዴ ይጽፋል፣ መኮንኑ በቀይ።»

«ሰማያዊውስ?»

«የጸሐፊው ነው» አለች። «ደንቡ ነው፣ ቴክላ። ሬጅመንቱ ከወጣ ወረቀቱም ይወጣል። ሌላ ሰው ቢሆንም ይመልሰው ነበር።»

«ሳይመልሰው አንብቦታል?»

«ምኑን?»

«ስሞቹን። ያገሩ ልጅ አለበት፤ አባታችሁ ኦርጋን ሲመታ የሚዘምር ልጅ። አንብቦታል ወይ?»

ኦቲሊ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «እኔም ጠይቄው ነበር። ‹በቀን ሁለት መቶ ወረቀት ይመጣ ነበር› አለኝ። ሌላ አላለኝም።»

የካሰሉ ሰው የዚያው ሻምበል ወታደር የነበረ፣ የተደረመሰውን አፈር ሲቆፍር የዋለ ጫማ ሰፊ ነው። ክሬምፒን ፈልጎ ያገኘው ከዚያ ሻምበል የተረፈ ሰው አውቃለሁ ለሚል ሁሉ እየጻፈ ነው። አሥራ አንዱን ስም ከእሱና ከሌሎች እየለቀመ መልሶ አቆማቸው። የራይማር አራተኛ ነው። ጫማ ሰፊው ምስክርነቱን በፊርማው የላከው በመስከረም ነበር። ክሬምፒን የሞተው በኅዳር ነው። ቤቱ ከቤቴ በእግር አምስት ደቂቃ አይሞላም።

«ለምን አላመጣልኝም?» አልኩ።

«አሥራ አንዱም ቤተሰብ ሲገኝ አንድ ላይ ሊናገር ነበር። ሰባቱን አግኝቷል።»

ምናልባት እውነቷን ነው። ምናልባት ደግሞ መዝገቡን በማኅበሩ ፊት ገልጦ ሰማያዊውን መስመር ማንበብ አልሆነለትም። በመስከረምና በኅዳር መካከል የተጻፈበት የማስታወሻው ገጽ በምላጭ ተቆርጦ ወጥቷል። ኦቲሊ እኔ አልነካሁትም ትላለች። አምናታለሁ ለማለት እፈልጋለሁ።

ያን ሳምንት ምስክርነቱንና መዝገቡን ይዤ ሥጋ ቤት ሄድኩ። ዚቨርት እጁን በሽርጡ ጠርጎ አነበበው፤ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ምስኪን ልጅ» አለ። ከልቡ ነበር።

«ድንጋዩ ላይ ይቀረጽ።»

«ድንጋዩ እኮ ከመጽሐፉ ነው የተቀዳው።»

«መጽሐፉ ይታረም።»

«መጽሐፉ ታትሟል፣ ወይዘሪት ቴክላ። ደግሞ ያስቡት፤ በዚያን ቀን የኛ ካልነበረ እኛ እንዴት እንጽፈዋለን? እነዚያ ይጻፉት።»

«እነዚያም የናንተ ነው ይላሉ። ከሣጥኑ ያገኘሁት ደብዳቤያቸው እነሆ።»

«ማኅበሩ በጥር ይሰበሰባል» አለና ወደ ሥጋው ተመለሰ።

ቤቴ ገብቼ ፎቶግራፉ ላይ ጥቁር ጥብጣብ አሰርኩ። ክሬምፒን ረቂቃቸውን አዘጋጅቶ ሳይልክ የተዋቸውን ደብዳቤዎች በራሴ እጅ ገለበጥኩና ለተገኙት ቤተሰቦች ላክሁ። የእሱ ጽሕፈት ያምራል፤ የኔ ይነበባል። ከአንዲት የስቴቲን ሴት መልስ መጣ። «አሥራ አምስት ዓመት በሩን ሳልቆልፍ አደርኩ» ትላለች።

ጥር መጣ፤ ማኅበሩ ተሰብስቦ ጉዳዩን ለሚቀጥለው ጥር አሳለፈው። የራይማር ስም በድንጋዩ ላይ አልተቀረጸም። ከአሥራ አንዱ የአራቱን ቤተሰብ ገና አላገኘሁም።