ወፍጮ ቤት ሲደርስ የሚጠፋው ሞተር

ልብስ ሰፊዋ የባሏን ትራክተር ድምፅ ከሌላው ሁሉ ለይታ ታውቀዋለች። የስፌት መኪናዋ መንገዱን በሚያየው መስኮት ስር ነው፤ እጇ ይሰፋል፣ ጆሮዋ ባሏን ይከተላል። አሁን ከእርሻው ወጣ፣ አሁን ተሳቢውን ጭኖ ዳገቱን ያዘ፣ አሁን ወፍጮ ቤት ደረሰ። እዚያ ሲደርስ ታዲያ ድምፁ ጸጥ ይላል። የእሷም እግር ከፔዳሉ ላይ አብሮ ቀጥ ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ የሰው ትራክተር ይነዳል። ጠዋት ያርሳል፣ ረፋዱ ላይ እህል ጭኖ ወፍጮ ቤት ያደርሳል፣ ተሳቢውን እዚያ ፈትቶ ለምሳ ቤቱ ብቅ ይላል፣ ከሰዓት ደግሞ ተመልሶ እርሻ ነው። ለምሳ ሲመጣ ትራክተሩን በራፉ ላይ ያቆመዋል እንጂ ሞተሩን አያጠፋውም፤ በሚኒሞ እየሠራ ይተወዋል። ዱግ ዱግ ዱግ ባለ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንቀጠቀጣሉ፤ ጭሱ ሰተት ብሎ ገብቶ ተተኩሶ የተሰቀለው የደንበኛ ሸሚዝ ላይ ያርፋል። ባልና ሚስት የሚያወሩትም እየተጯጯሁ ነው።

"ጨው አነሰው እንዴ?"

"ምን?"

"ጨው!"

"ደህና ነው፣ ደህና ነው!"

የምሳ ሰዓት ጨዋታቸው እንግዲህ ይኸው ነው። አንድ እግሩን ከቤት አንድ እግሩን ከደጅ አድርጎ ይበላና ውልቅ ይላል።

ወፍጮ ቤት ግን ያጠፋዋል። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ደግሞ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ቅንድቧ ላይ ሁልጊዜ ዱቄት አይጠፋም፤ እንኳን ዱቄት ጥላሸት ቢቀቡት የሚያምር ፊት ነው፣ ልብስ ሰፊዋን የሚያንገበግባትም ይኸው ነው። ሳቋ አጥር ተሻግሮ ይሰማል። ስታወራ ሽማግሌ ሳትል ጎረምሳ ሳትል ሰው ክንድ ላይ እጇን ጣል ታደርጋለች። ትራክተሩ እንኳ የሚያድረው እሷ ግቢ ነው። "ዘበኛ አለው" ይላል ሾፌሩ። ዘበኛ!

የቸኮለ ሰው ሞተር አያጠፋም፤ የሚያጠፋ ሰው ሊቀመጥ ነው። ይህን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ አላስችል ብሏት ጠየቀችው።

"ለምን አታጠፋውም?"

"ምን?"

"ሞተሩን! ለምን አታጠፋውም?"

"የናፍጣ ሞተር እኮ ነው! ሲያጠፉት ይጎዳል! ሲነሳም ብዙ ነዳጅ ይበላል!"

ሙያው የእሱ ነውና አፏን ያዘች። ልቧ ግን አላመነውም። በነጋታው አጎቷ ሱሪ ሊያሳጥር ሲመጣ፣ ዕድሜውን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ የኖረ መካኒክ ነውና፣ ገና ሳይቀመጥ ያዘችው።

"ጋሼ፣ የናፍጣ ሞተር ማጥፋት ይጎዳዋል?"

"ምነው፣ ትራክተር ልትገዢ ነው?"

"ቀልዱን ይተዉና ይንገሩኝ።"

"ከባድ ሥራ ሠርቶ ከመጣ ትንሽ ደቂቃ በሚኒሞ ታስተነፍሺዋለሽ። ከዚያ ማጥፋት ነው። ምሳ ሙሉ ሲንደቀደቅ የሚቆይ ሞተር ናፍጣውን በከንቱ ይጨርሳል፣ ውስጡም ጥላሸት ይይዛል። ለመነሻ የሚበላት ነዳጅ ከዚህ ጋር ስትተያይ ምንም አይደለች።"

የዚያን ቀን የአጎቷ ሱሪ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍም አልነበራት። ባሏ ማታ ደክሞት ይገባል፣ ራሱ ትራስ እንደነካ ያንኮራፋል፤ እሷ ጎኑ ተጋድማ ማንኮራፋቱን ትቆጥራለች። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የትራክተሩ ድምፅ ዳገቱን ወጥቶ ጸጥ ሲል፣ ጨርቄን ማቄን ሳትል ብድግ አለች። መቀሷን እንኳ ከእጇ አላስቀመጠችም። ዳገቱን ስትወጣ ያገኛት ሰው ሁሉ፣ ፊቷንም መቀሱንም እያየ፣ መንገድ ለቀቀላት።

ወፍጮው ቆሟል። ሠራተኞቹ ከጓሮ እህል ያወርዳሉ። ባሏ ጆንያ ላይ ተቀምጧል፤ ባለወፍጮዋ ፊት ለፊቱ ጉልበቷን አቅፋ ታዳምጠዋለች። አልተሳሳቁም፣ አልተነካኩም። ቀስ ብለው፣ እንደ ሰው፣ ያወራሉ። ቢሳሳቁ ይሻላት ነበር።

"ጸጥታው ተስማማችሁ?" አለች።

ሾፌሩ ከጆንያው ላይ ተስፈንጥሮ ተነሳ። "ምን ሆነሻል? ቤት ተቃጠለ እንዴ?"

"የተቃጠልኩስ እኔ ነኝ! እኔ ደጅ ሲሆን ማጥፋት ይጎዳዋል! እዚህ ሲሆን አይጎዳውም?"

ባለወፍጮዋ ዞር ብላ አየችው። "እስካሁን አልነገርካትም?" አለችው።

"ምኑን?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

ባለወፍጮዋ ተነስታ ወደ ትራክተሩ ሄደች። ትራክተሩ ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ ቆሟል፤ ከፊት ጎማው ስር ትልቅ ድንጋይ ተወትፏል። "ና ውጣና አሳያት" አለችው። ወጥቶ ቁልፉን አዞረ፤ ቀጭ ብሎ ቀረ። ማርሽ አስገባና ፍሬኑን ይዞ ጠበቃት። እሷም የለመደችው ሥራ ነውና ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ሳበችው። ትራክተሩ ቁልቁል ተንሸራተተ፤ እንደተንደረደረ ፍሪሲዮኑን ሲለቀው ጥቁር ጭስ ተፍቶ ተነሳ።

"ባትሪው ከሞተ ከርሟል እህቴ" አለች ባለወፍጮዋ። "መብራቱን ሳያጠፋ ረስቶት ያደረ ጊዜ ነው የሞተው። የትራክተሩ ጌታ ባለእርሻው ደግሞ 'ከእንግዲህ አንድ ነገር ብታበላሽ ሌላ ሾፌር አመጣለሁ' ብሎታል። ስለዚህ ቁልቁለት ያለበት ቦታ ብቻ ነው የሚያጠፋው። እናንተ ሰፈር ሜዳ ነው። እዚያ ካጠፋው ማን ያስነሳለታል?"

ልብስ ሰፊዋ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ይኸን ሁሉ ጊዜ ሴትዮዋን ስትረግም የከረመችው፣ ጥፋቱ ለካ የሰፈሯ መሬት ሜዳ መሆኑ ነው! ግን አልሳቀችም። መብራቱን፣ ባትሪውን፣ የባለእርሻውን ዛቻ፣ የባሏን ፍርሃት ይህች ሴት አንድ በአንድ ታውቃለች። ድንጋዩን ስትስብ እንኳ አንድ ቃል አልተነጋገሩም፤ ተግባብተዋል። ለሚስቱ የዋሸውን ለባለወፍጮዋ ነግሯታል። ክንዱ ላይ እጇን ጥላ ብታገኛት መቀሱ ነበረላት። ለዚህኛው ግን ምን ይዛ ትምጣ?

ሾፌሩ ዞሮ ትራክተሩን ቦታው መለሰና አጠፋው።

"ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?" አለችው።

"በየትኛው ሰዓት ልንገርሽ? ምሳ ላይ እንጯጯሃለን። የእንጀራ ነገር እየጮኹ ይወራል? ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል።"

"ማታስ?"

"ማታማ እንቅልፍ ይጥለኛል።"

"ከነገ ጀምሮ ትራክተሩ እዚሁ ይቁም። አንተ በእግርህ ና።"

በማግስቱ በእግሩ መጣ። ጫማው አቧራ ለብሷል። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ሁለት እግሩንም አስገብቶ ተቀመጠ። ምሳውን አቀረበችለት፤ እሱም ሳትጠይቀው ጀመረ። መብራቱን እንዴት እንደረሳው፣ ጠዋት ቁልፉን ሲያዞር ምን እንደተሰማው፣ ባለእርሻውን ባየ ቁጥር እንዴት መንገድ እንደሚቀይር፣ አንድ ወዳጁ አሮጌ ባትሪ ሊያመጣለት ቃል እንደገባለት ነገራት። ጥሩ አድርጎ ነው የነገራት፤ የቱ ጋ እንደሚያዝን፣ የቱ ጋ በራሱ እንደሚስቅ ሁሉ ያውቀዋል። ልብስ ሰፊ ናትና ሰው ለብሶ ያወለቀውን ልብስ ሲሰጧት አይጠፋትም።

"ይኸን ሁሉ ታውቀዋለች" አለችው።

"ማን?"

"አትጃጃልብኝ። ለሷ ያልነገርካትን አንድ ነገር ንገረኝ። ምንም ይሁን። ትንሽም ትሁን።"

ሾፌሩ ቀላል ነገር የተጠየቀ መስሎት ፈገግ አለ። ማንኪያውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። ጣሪያውን አየ፣ ከዚያ እጁን አየ። ልብስ ሰፊዋ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ጠበቀችው፤ እንዲህ ሥራዋን ትታ ፊቱን እያየች ስትጠብቀው ደግሞ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው።

"እስቲ ቆይ፣ ላስብ" አለ።

ምሳው ቀዘቀዘ። እያሰበ እያለ የመሄጃው ሰዓት ደረሰ።