አበልጄ ያመጣችው ምሳ

በ2016 ዓ.ም. በጽጌ ጾም፣ ዝናቡ ወጥቶ ጤፉ ማሸት በጀመረበት ሰሞን ነው የያዙኝ። የማዋያችን ሕፃናት ገንፏቸውን በልተው ተኝተው ነበር። ሁለት ወታደሮችና አንድ ሲቪል የለበሰ ወጣት በሩ ላይ ቆሙ። ወጣቱ ምንጣፉ ላይ የተኙትን ሲያይ ጫማውን አውልቆ ገባ። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁለትም። በሹክሹክታ «እናቴ፣ አንዴ ይፈለጋሉ» አለኝ። እኔም በሹክሹክታ «ነጠላዬን ልያዝ» አልኩት። አንድም ልጅ ሳይነቃ ወጣን።

ያሰሩን ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነው። ማዳበሪያው ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን ግድግዳው ውስጥ ቀርቷል። ዐይን ያቃጥላል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ከጣሪያው ሥር እጅ የማያሳልፍ ፍርግርግ አለ። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት እግር ነበር፤ ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡ ሴቶች የዘረጉት ብዙ እግር። አንዲት ጠላ ሻጭ እግሯን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«ነይ እዚህ አረፍ በይ» አለችኝ። «አንቺ ደግሞ ምን ሸጠሽ ነው?»

«ምንም አልሸጥኩም።»

«እንግዲያው አንቺን ነዋ የሸጡሽ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ምን እሠራ እንደነበር ልናገር። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሰንበቴ ማኅበራችን ሴቶች ሆነን የሕፃናት ማዋያ ከፍተናል። የቀን ሥራ የሚሠሩ እናቶች፣ ድንጋይና አሸዋ የሚያመላልሱት፣ ሰው ቤት ልብስ የሚያጥቡት፣ ጠዋት ልጆቻቸውን ያመጡልናል፤ ማታ ይወስዳሉ። ብዙዎቹ ከሌላ ቦታ ተፈናቅለው የመጡ ስለሆኑ የቀበሌ መታወቂያ የላቸውም። መታወቂያ የሌላት እናት ደግሞ በነፃ የጤና መድን አትታቀፍም። ልጇ ሲታመምባት የሆስፒታሉ በር ላይ ትቀራለች። ገንፎ ማብላቱ አልከበደንም፤ የከበደን ይህ አሠራር ነው። እየተፈራረቅን ቀበሌ ቢሮ እንመላለሳለን። ስብሰባ ሲጠራ ሄደን እጅ እናወጣለን፤ «መመሪያው ይታይልን» እንላለን። «ወደ ላይ ይጠየቃል» ይሉናል። ተመልሰን እንሄዳለን።

ቢሮው ውስጥ አንድ ሰው ነበረችን፤ አበልጄ። ሁለተኛ ልጇን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። ጥያቄያችንን ወደ ላይ የምታደርስልን እሷ ነበረች። ከገጠር ዘመዶቻችን የሚሰጡንን እህል የሚጭን መኪና የምታፈላልግልንም እሷ ነበረች። በጸሎቴ ስሟን ከእኅቶቼ ስም ቀጥዬ ነበር የማነሣው።

ጥቂት ቀን ማንም ሳይጠይቀኝ ቆየሁ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ያ ጫማውን ያወለቀው ወጣት አስጠራኝ። መርማሪው እሱ ነበር። ወንበር ሰጠኝና በስልክ የተናገርኩትን ቃል በቃል ነገረኝ።

«‹ልጆቹ ዱቄታቸው አልቋል፤ እህሉ ደብረ ኤልያስ ቆሞ ቀርቷል፤ መንገድ ሲከፈት በሆነ መኪና አሳልፊልኝ› ብለዋል። ብለዋል አይደል?»

«ብያለሁ።»

«ልጆቹ እነማን ናቸው?»

«አንተው ያየሃቸው ናቸዋ። ተኝተው የነበሩት።»

«እነሱ ሕፃናት ናቸው። እኔ የምጠይቅዎት ስለ ልጆቹ ነው።»

ያኔ ገባኝ። በዚያ ሰሞን በእኛ አገር ጫካ የገቡትን ሰዎች ማንም ደፍሮ በስማቸው አይጠራም። «ልጆቹ መጡ፣ ልጆቹ አለፉ» ይባላል። ቃሉ ሁለት ቤት ነበረው፤ እኔ የማዋያውን ብቻ አስቤ ተናገርኩት።

«እኔ ያልኩት ገንፎ የሚበሉትን ነው፣ ልጄ።»

«ጢም ያለውም ገንፎ ይበላል» አለ። «ደግሞ እኔንም ልጄ ይሉኛል። እኔ ከየትኞቹ ነኝ?»

መልሴን ሳይጠብቅ ቀጠለ።

«የቅኔ አገር ሰው ነዎት» አለኝ። «ንግግርዎ ሰምና ወርቅ አለው።»

«እኔ ቅኔ ቤት አልገባሁም።»

«እኛም አልገባንም። ወርቁን የፈታችልን አበልጅዎ ናት።»

በዚያ ስልክ ላይ የነበርነው ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና እሷ። ቃሌን ሲነግረኝ፣ ስልኩን ጠልፈው ሰምተው ይሆናል እያልኩ ራሴን ሳጽናና ነበር። አሁን ማጽናኛው ተቆረጠ። ቢሆንም ሌላ ፈለግኩለት፤ ተምታቶባት ይሆናል አልኩ። መንገዱ ሁሉ በተዘጋበት፣ ሰው ሁሉ በፈራበት ጊዜ ቃል ይምታታል።

መርማሪው የሚፈልገውን ነገረኝ። ልጆቻቸውን ከሚያመጡልን እናቶች መካከል ባሏ ጫካ የገባ አንዲት አለች። ማን እንደሆነች ካሳየሁት እኔ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፤ እኔን ከያዙ በኋላ የታሸገውም ማዋያ ይከፈታል። ካላሳየሁት ሁለቱም እንዳሉ ይቆያሉ። እስከ ነገ ጠዋት ያስቡበት አለኝ።

አውቃት ነበር። መንታ ታጠባለች። ባሏ ሲሄድ ምንም እንዳልነገራት አልቅሳ አጫውታኛለች። እሷ ከታሰረች መንታዎቹ ወይ ከእሷ ጋር እዚህ ይገባሉ፣ ወይ ውጭ ይቀራሉ። ማዋያው እንደታሸገ ከቆየ ደግሞ የሌሎቹ እናቶች ልጆች ድንጋይ በሚወርድበት መኪና ሥር ይውላሉ። በየትኛውም በኩል ልጅ ነበረ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ለጠላ ሻጯ ነገርኳት።

«ይኼ ምን ያስጨንቃል» አለችኝ። «አላውቅም በያቸዋ።»

«አውቃለሁ እኮ።»

«ለመርማሪ የተዋሸ ንስሐ አባት ዘንድ አይቆጠርም።»

«የእኔ ንስሐ አባት ይቆጥራሉ።»

«እንግዲያው ከመርማሪው በፊት ንስሐ አባትሽን ቀይሪ።»

ከጥግ አንዷ «የራሷን ትስጥሽ፤ ጠላው ላይ የምትጨምረውን ውኃ እንኳ አይጠይቋትም» አለች። እንደገና ተሳቀ። በዚያ ቤት ውስጥ ሳቅ እንደነበር ስናገር የሚያምነኝ የለም። ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠባቂው ጠራኝ። አበልጄ በረንዳው ላይ ቆማለች፤ በጨርቅ የተቋጠረ ሳህን ይዛለች። ሳምኳት። ልማድ ሆኖብኝ ነው መሰለኝ ሳላስበው ነው የሳምኳት።

«ምሳ አመጣሁልሽ» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«አበልጅ፣ ተናገሪና ውጪ። አንዷን ብቻ ነው የጠየቁሽ። ሌላውን አይነኩም፤ ለእኔም ነግረውኛል።»

«በስልክ ልጆቹ ያልኩሽ እነማንን ነበር?»

ነጠላዋን አስተካከለች። «ድንገት ሲጠይቁኝ ተምታታብኝ። ሰው ሁሉ በዚህ ሰሞን እንደዚያ እኮ ነው የሚለው።»

«እኔስ እንዴት ነው የምለው?»

ጠባቂው ሰዓቱን አየ።

«እኔም ልጆች አሉኝ» አለች ቀስ ብላ። «ወይ አንቺ ነበርሽ ወይ እኔ።»

«ከልጆችሽ አንዷ የእኔም ናት» አልኳት።

ሳህኑን ሰጠችኝና ወደ በሩ ዞረች። ስትሄድ አየኋት፤ ቀጥ ብላ ነበር የምትሄደው። «ተምታታብኝ» ያለችውን ግን ይዤው ገባሁ። ልክ እኔ ፈልጌ ያገኘሁላትን ምክንያት ነው የሰጠችኝ፤ ልቀበላት ፈልጌ ነበር።

ተቀምጬ ጨርቁን ፈታሁት። በርበሬ ያልገባበት አልጫ ሽሮና ጎመን ነበር።

ጽጌን ሰው ሁሉ አይጾምም። የፈቃድ ጾም ነው፤ በእሷ ቤት አይጾምም። እኔ እንደምጾም ግን አልረሳችም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም እንደማልቀምስ አልረሳችም፤ ለዚህ ነው በዘጠኝ ሰዓት የመጣችው። በርበሬ ጨጓራዬን እንደሚያመኝም አልረሳችም። እንጀራውን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ይህን ሁሉ የምታውቅ ሴት፣ ልጆቹ ስል እነማንን እንደምል ማወቅ አያቅታትም። ምንም አልተምታታባትም።

ከታሰርኩ ጀምሮ አላለቀስኩም ነበር። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ጠላ ሻጯ ሳህኑን አየችና «ምን ሆነሽ ነው? አመድ አስገባችበት?» አለችኝ።

«አይ፤ ጥሩ አድርጋ ነው የሠራችው።»

እህል ምን በደለ። ባርኬ ቆረስኩና ለሁሉም አዳረስኩ፤ መጨረሻ የቀረችውን እኔ ጎረስኩ። ጥሩ ነበር። አመሰገንኩ። ሲመሽ ለጸሎት ቆሜ «አባታችን ሆይ» ብዬ ጀመርኩ፤ ይቅርታው ጋ ስደርስ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ አባቶች። ጸሎቴን ሳልጨርስ ተቀመጥኩ።

ዛሬ ማዋያው ተከፍቷል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔን ምክንያት ሳይነግሩ እንዳስገቡኝ ምክንያት ሳይነግሩ አስወጡኝ። መንታዎቹ ቆመው ሄደዋል፤ አንደኛው እየሮጠ ሌላኛውን ይጥለዋል። መመሪያው ገና ነው፤ አሁንም እንመላለሳለን። ጠላ ሻጯ አንዳንድ ቀን በማዋያው በር ስታልፍ «ንስሐ አባትሽን ቀየርሽ?» ትለኛለች።

አበልጄን ይቅር ብያታለሁ። ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል፤ ንስሐም ገብቼበታለሁ። በዓል ሲሆን የክርስትና ልጄ ትመጣለች፤ ጉልበቴን ትስማለች፤ እመርቃታለሁ። ከእናቷ ጋር ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ እግዜር ይመስገን እንባባላለን። ግን ይቅር ማለትና መልሶ ስልክ መደወል አንድ አይደለም። ደግሞ አንድ ቃል ከአፌ ወጥቶ ቀርቷል። ልጆቹ አልልም። ሕፃናቱ እላለሁ፤ የመሥሪያ ቤት ሰው ይመስል። የማኅበሩ ሴቶች ይስቁብኛል፤ እኔም ምክንያቱን አልነግራቸውም።

ይህን ሁሉ ያኔ አላውቅም ነበር። እፈታለሁ፣ ማዋያውም ይከፈታል ብዬ አላሰብኩም። የሚነጋ መሆኑን ብቻ ነበር የማውቀው።

ነጋ። በኩባያ ከሚሰጡን ውኃ ቀንሼ ፊቴን ታጠብኩ። ነጠላዬን አጣፍቼ ስጨርስ ተጠራሁ። መርማሪው ብዕሩን አዘጋጅቶ ነበር።

«አሰቡበት?»

«አሰብኩበት። ሴትየዋን አውቃታለሁ። አልናገርም።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ አጎንብሶ መጻፍ ጀመረ። ሲጨርስ ወረቀቱን ለፊርማ ወደ እኔ ገፋው።

«አንብብልኝ» አልኩት።

«‹የተጠየቀችውን ሴት አላውቅም› ብለዋል።»

«እንደዚያ አላልኩም። አውቃታለሁ፤ አልናገርም ነው ያልኩት።»

ድምፁን ቀነሰ። «እናቴ፣ ይኼኛው ይሻልዎታል።»

አዝኖልኝ እንደነበር አሁን አስባለሁ። እግዚአብሔር ይስጠው።

«ቃሌ አንዴ ተለውጦብኛል» አልኩት። «አንተ ደግሞ አትለውጥብኝ።»

ሰረዘና እንደገና ጻፈው። አነበበልኝ። ያልኩት ነበር። ፈረምኩ።