ከበሩ ማዶ ያጠኑት ፈተና

አላህ ማረፊያቸውን ያስፋላቸውና፣ አጎቴ ግለሰቦች በራዲዮ ከሩቅ ሰው ጋር ለመነጋገር ለሚያወጡት የጀማሪ ፈቃድ ፈተና ማጥናት የጀመሩት በኮቪድ ምክንያት ሬይኖልድስበርግ ከተማ አፓርታማችን ውስጥ ተዘግተው በከረሙበት ዓመት ነው። ሳንባቸው ደካማ ነበር፤ እኔ ደግሞ ዌርሃውስ፣ ብዙ ሰው ያለበት የዕቃ መጋዘን፣ ስለምሠራ ከክፍላቸው እንዲወጡ አልፈቅድላቸውም ነበር። ከሥራ ስመለስ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ፣ ጥያቄዎቹን ወደ አማርኛ እየተረጎምኩ በተዘጋው በር አነብላቸው ነበር። መልሱን በትክክል ቢያገኙት እንኳ "ለምን?" ሳይሉ አያልፉም።

አንድ ቀን ደክሞኝ፣ "ጋሼ፣ ዝም ብለው ይሸምድዱት። ፈተናው ለምን ብሎ አይጠይቅም" አልኳቸው።

"እዚህ ክፍል ውስጥ ሌላ ምን ሥራ አለኝ ልጄ?" አሉኝ። "አንድ ነገር ሲገባኝ ከዚህ የወጣሁ ይመስለኛል።"

አፈርኩ። የአንቴናን ርዝመት የሚወስነው ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ጀምረን እንደገና አየነው።

የፈተናቸው ቀን ሳይደርስ ሆስፒታል ገቡ። ጠያቂ አይፈቀድም ነበርና ሳልሰናበታቸው አረፉ።

በዓመቱ እኔ ተፈትኜ አለፍኩ። ፈታኙ ሽማግሌ እንኳን ደስ አለሽ ብለው፣ "ከእንግዲህ በራዲዮ የፈለግሽውን ሰው መጥራት ትችያለሽ" አሉኝ። አመስግኛቸው ወጣሁና መኪናዬ ውስጥ መስኮቱን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። ልጠራ የምፈልገው አጎቴን ብቻ ነበር።