የመስከረም ሁለት ኮት

ከሶዶ ወደ ዱቦ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ እየሩስ አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ እጅጌው ያጠረ ቡናማ ኮት ለብሰዋል። ኮቱ ዕድሜ ጠገብ ነው፤ ግን አንድ ቁልፍ አልጎደለውም፣ ካውያውም ገና ትኩስ ይመስላል። በጨርቅ የተቋጠረ ሳህን ጉልበታቸው ላይ አቅፈዋል።

ሬዲዮው መስከረም ሁለት በታሪክ ምን ቀን እንደሆነ ያወራል፦ ንጉሡ ከዙፋን የወረዱበት፣ ኋላም በየዓመቱ በሰልፍ ሲከበር የኖረ፣ ዛሬ ግን የተረሳ።

"ንጉሡ የወረዱ ቀን ነው እኔ የተሞሸርኩት" አሉ ሽማግሌው ድንገት። "ወታደር የጫነ መኪና ጥሩንባውን እየነፋ ሲያልፍ፣ ሠርገኛው ለእኛ መስሎት እልል አለ። ወታደሮቹም ለእነሱ መስሏቸው እጃቸውን አውለበለቡልን!"

እየሩስ ከልቧ ሳቀች። "ባለቤትዎስ ደህና ናቸው፣ አባባ?"

"ዱቦ ሆስፒታል ተኝታለች። ሰው መለየት ከተወች ቆየች፤ የወለደቻቸውንም አታውቅ።"

ዱቦ ሲደርሱ ሽማግሌው ወረዱና በሚኒባሱ መስታወት ራሳቸውን አዩ።

"ኮሌታዬ ቀጥ ብሏል፣ ልጄ?"

"ሙሽራ መስለዋል።"

"እንዲያ ከሆነ ጥሩ" አሉ፣ ጭቃው ኮቱን እንዳይነካባቸው እየተጠነቀቁ። "አምና በዚህ ቀን ይህን ኮት ስታይ እልል ብላለች።"