ሽሮ የጫነችው መንኮራኩር

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ባሕር ማዶ፣ ሬኒየር ቢች በሚባል ሰፈር፣ አንዲት ጠባብ አፓርታማ ውስጥ ሁለታችን እንኖር ነበር። በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ ጨዋታችን ከዚያ አያልፍም።

አንድ ቀን፣ ሰው ሳይሳፈርባት ለጠፈር ጣቢያ ስንቅ ስለምታደርስ መንኮራኩር ተምራ መጣች። «ዳዲ፣ እንሥራ!» አለችኝ። ከመጫወቻ ሱቅ ትንሽ የሮኬት ሞተር ገዛን፤ ገላዋን ከካርቶን ሠራነው። ከእኛ በታች የሚኖሩት ሐጂ፣ ወሎ ሳሉ ልብስ ሰፊ የነበሩ አዛውንት፣ የተሰበረ ጃንጥላ ቀደው ፓራሹት ሰፉልን። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤታችን ማስቲሽ ማስቲሽ ሸተተ።

«ጠፈርተኞቹ ምን ይብሉ?» ስትለኝ ለቀልድ «ሽሮ» አልኳት። እሷ የምሯን በላስቲክ ቋጥራ ከመንኮራኩሯ አፍንጫ ውስጥ ከተተችው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዝናቡ ሲያባራ ሦስታችንም ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ወጣን። ልጄ ማስነሻውን ይዛ ከአሥር ወደ ታች መቁጠር ጀመረች።

«ምነው ወደ ኋላ ትቆጥራለች?» አሉኝ ሐጂ።

«ዜሮ ስትል መንኮራኩሯ ትነሳለች።»

«አጀብ! እኛ ከአንድ ነበር የምንጀምረው።»

መንኮራኩሯ እያፏጨች ተነሳች። ከትምህርት ቤቱ ጣሪያ በላይ ስትወጣ ልቤ አብሯት ወጣ። ወዲያው ወደ ጎን አጋደለች፣ ዞረችና በአፍንጫዋ መሬት ላይ ተተከለች። ፓራሹቱ አልተከፈተም። ሽሮው እርጥቡ ሣር ላይ ተበተነ።

ማናችንም አልሳቅንም። ሐጂ ቀስ ብለው ሄደው ጨርቁን አነሱ።

«የኔ ጥፋት ነው፣ ልጄ። አጥብቄ አጣጥፌዋለሁ» አሏት።

አጠገባቸው ተንበረከከች። «አይደለም፣ ሐጂ» አለች በአማርኛ። «ክንፉን አጣምሜ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ምንም አላጠፉም።»

ይህን ያህል አማርኛ ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ዓይኔ እንባ ሲያቀርር እንዳታየኝ ፊቴን አዞርኩ።

ሌላ እንሠራለን ተባብለን ነበር፤ አልሠራንም። ከጥቂት ወራት በኋላ ሐጂ ሬድመንድ ወዳለው ልጃቸው ቤት ተዛወሩ፤ የኔዋም አድጋ የራሷን ኑሮ መሠረተች። ዛሬም ስትደውልልኝ በአማርኛ ነው የምናወራው። እኔን የሚናፍቁኝ ግን ያ ፓራሹት የተሰፋባቸው ቀናት ናቸው፦ ሐጂ የመርፌዋ ቀዳዳ አልታይ ብሏቸው አንድ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ፣ እሷም ሳይጠይቋት ክሩን ስታስገባላቸው።